ብረቱን ይዘን ሚዛኑን አንጣል



ውድ ወንድሞችና እህቶች! በየቴሌግራም ግሩፑ እየዞሩ የሚመላለሱ ሁለት መልእክቶች አሉ። አንደኛው ያስፈራል። ዛሬ ሌሊት ኮስሚክ ጨረር በምድር አጠገብ ስለሚያልፍ ስልካችሁን አጥፉ፣ ከሰውነታችሁም አርቁ፣ ለምትወዱት ሁሉ አድርሱ ይላል። የናሳና የቢቢሲ ስም ይጠራበታል። ቀን ግን የለውም፤ ሁልጊዜ "ዛሬ ሌሊት" ስለሆነ ባረጀ ቁጥር አዲስ ሆኖ ይመጣል። ሁለተኛው ያስደስታል። ብረት ከሰማይ እንደወረደ ሳይንስ አረጋገጠ፣ የብረት አቶም ክብደቱ 57 ነው፣ ሱረቱል ሐዲድም 57ኛዋ ሱራ ናት፣ ሱብሓነላህ ብለህ ሼር አድርግ ይላል።

የመጀመሪያውን የሚልኩት ለወዳጅ ከማሰብ ነው። ሁለተኛውን የሚልኩት ለዲናቸው ካላቸው ፍቅር ነው። የማንንም ኒያ አልጠራጠርም። ነገር ግን መልእክቶቹ አንድ የጋራ ጉድለት አለባቸው፤ ከመላካቸው በፊት ማንም አልመዘናቸውም።

ከሰማይ የሚመጣውን ብረት በእርግጥ የመዘኑ ሰዎች አሉ። ሥራው ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል፤ ዛሬም አላለቀም። እንዴት እንደመዘኑት ካወቅን አንድ ወሬ ሲደርሰን ምን ማድረግ እንዳለብን ከእነሱ እንማራለን። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚሁ ነው።

ጨረሩ ምንድን ነው?

"ጨረር" ሲባል እንደ ፀሐይ ብርሃን ያለ ነገር እንዳይመስላችሁ። አብዛኛው ኮስሚክ ጨረር የአቶም አስኳል ነው። ኤሌክትሮኖቹ ተገፈውለት፣ ለብርሃን በቀረበ ፍጥነት ከሩቅ ሕዋ የሚበር አስኳል ማለት ነው። ከመቶው 90 የሚጠጋው የሃይድሮጅን አስኳል፣ ማለትም ፕሮቶን ነው። 9 ገደማው ሂሊየም ነው። የቀረው 1 በመቶ ገደማ ከባዶቹ ናቸው፤ ካርቦን፣ ኦክስጅን፣ ማግኒዚየም፣ ሲሊከን፣ ብረት፣ ከብረትም በላይ የከበዱ አሉበት።

ጨረሩ ከሰማይ እንደሚመጣ ያወቀው ኦስትሪያዊው ቪክተር ሄስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 መለኪያውን ይዞ በፊኛ ከ5,000 ሜትር በላይ ወጣ (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ከፍ ባለ ቁጥር ጨረሩ ሲጨምር አየ። ከመሬት ውስጥ የሚወጣ ቢሆን ኖሮ ከፍ ሲል መቀነስ ነበረበት። በዚህ ሥራው በ1936 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

በ1933 ነገሩ ወደ እኛ ቀጠና መጣ። ጣሊያናዊው የፊዚክስ ሊቅ ብሩኖ ሮሲ ከባልደረባው ከሰርጂዮ ደ ቤኔዴቲ ጋር መሣሪያውን ጭኖ ያኔ በጣሊያን ቅኝ አገዛዝ ሥር ወደነበረችው አስመራ ወጣ። ለምን አስመራ? ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት፤ ለምድር መግነጢሳዊ ወገብም ትቀርባለች። የምድር ማግኔት ቻርጅ ያለውን ነገር መንገዱን ያጎብጠዋል። ጨረሩ ፖዘቲቭ ከሆነ ከምዕራብ የሚመጣው ይበዛል፤ ኔጋቲቭ ከሆነ ከምሥራቅ የሚመጣው ይበዛል። ሮሲ የጋይገር ቱቦዎቹን አንዴ ወደ ምዕራብ፣ አንዴ ወደ ምሥራቅ አዘንብሎ ቆጠረ። የምዕራቡ በግልጽ በለጠ። በዚያው ዓመት ሜክሲኮ ሲቲ ላይ አሜሪካውያን ያደረጉት ቆጠራም ያንኑ መልስ ሰጠ። ጨረሩ በአብዛኛው ፖዘቲቭ መሆኑ በዚህ ታወቀ።

ልብ በሉ! መለኪያው የተተከለው በአፍሪካ ቀንድ ደጋ ላይ ነው። ከለኪዎቹ መካከል ግን የዚህ ምድር ሰው አልነበረም።

ከባዶቹ እንዴት ተገኙ?

እስከ 1948 ድረስ ከባድ አስኳሎች በጨረሩ ውስጥ መኖራቸውን ማንም አላረጋገጠም ነበር። በዚያ ዓመት የሚኒሶታና የሮቼስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንደ ድሮ የፎቶ ፊልም ባለ ነገር የተቀባ ሳህን በፊኛ ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ ላኩ። ሳህኑ ተመልሶ ሲታጠብ ከቀጫጭኖቹ መስመሮች መካከል ፕሮቶን ሊተዋቸው የማይችል ወፋፍራም መስመሮች ታዩ። ከሚኒሶታው ቡድን አባላት አንዷ ፊሊስ ፍራየር ገና የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነበረች። እህቶቼ፣ ይህን ልብ በሉልኝ።

ያን ያህል ከፍታ ለምን አስፈለገ? ከባድ አስኳል ወደ ከባቢ አየር ሲገባ ከአየሩ አስኳል ጋር ተጋጭቶ ይሰባበራል። ከሕዋ የመጣው የብረት አስኳል እንደ አመጣጡ ሆኖ ጣሪያችን ላይ አይደርስም። ሊመዝነው የፈለገ ሰው ወደ ላይ ወጥቶ መቀበል አለበት።

አመዛዘኑ እንዲህ ነው። አንድ ፕሮቶን በመሣሪያው ውስጥ ሲያልፍ የሚተወውን ጉልበት 1 እንበለው። በተመሳሳይ ፍጥነት የሚያልፍ ሌላ አስኳል የሚተወው በፕሮቶኖቹ ቁጥር ስኩዌር ልክ ነው። ካርቦን 6 ፕሮቶን ስላለው 36 እጥፍ ይተዋል። ብረት 26 ስላለው 676 እጥፍ ይተዋል። ጎረቤቱ ኮባልት 27 ስላለው 729 እጥፍ ይተዋል። በብረትና በኮባልት መካከል ያለው ልዩነት 8 በመቶ ገደማ ብቻ ነው ማለት ነው። ኮባልት ደግሞ ከብረት እጅግ ያነሰ ነው። መለኪያው ትንሽ ከሳተ ብረቱ "ኮባልት" ተብሎ ይቆጠርና ሒሳቡ ሁሉ ይበላሻል።

ሌላም ችግር አለ። ቀስ ብሎ የሚሄድ አስኳል ከፈጣኑ ይልቅ ብዙ ጉልበት ይተዋል። ስለዚህ ዝግ ያለ ቀላል አስኳል ፈጣን ከባድ አስኳል መስሎ ሊያታልል ይችላል። አንድ መሣሪያ ብቻውን የማይታመነው ለዚህ ነው። ፍጥነቱን የሚናገር ሁለተኛ መሣሪያ ይጨመራል። አንድ አስኳል በፕላስቲክ ወይም በመስታወት ውስጥ ብርሃን ራሱ እዚያ ውስጥ ከሚሄድበት ፍጥነት በልጦ ሲያልፍ ብልጭታ ይሰጣል፤ ይህ የቼረንኮቭ ብርሃን ይባላል። የሁለቱ ምስክሮች ቃል ሲጣመር የአስኳሉ ማንነት ይታወቃል። ቃላቸው ካልገጠመ ያ አስኳል ከቆጠራው ይወጣል። እኛ ለረመዳን ጨረቃ ምስክር የምንጠይቅ፣ ያለ ሁለት ምስክር ኒካሕ የማናስር ሕዝብ ነን። ይህ ሊገባን የሚከብድ ነገር አይደለም።

በዚህም አያበቃም። ከፊኛው በላይ የቀረው ጥቂት አየር ስንቱን ሰባበረ? የመሣሪያው ግድግዳስ? ይህ ሁሉ ተሰልቶ ይታረማል። በመጨረሻ ውጤቱ ሲታተም "ከዚህ እስከዚህ ልንሳሳት እንችላለን" የሚል ቁጥር አብሮት ይወጣል። ያ ቁጥር የሌለው ልኬት በሙያው ሰዎች ዘንድ ልኬት አይባልም።

ትዕግሥታቸውን ደግሞ እዩ። ሱፐርታይገር የተባለው መሣሪያ ከብረት የከበዱትን ለመቁጠር በ2012 መጨረሻ ተልኮ በአንታርክቲካ ሰማይ ላይ በፊኛ 55 ቀን ቆየ። በ1997 የተወነጨፈችው ኤሲኢ የተባለች ሳተላይት ላይ ያለው መሣሪያ ደግሞ ብረት 60 የሚባለውን ልዩ የብረት ዓይነት ፈለገ። በ17 ዓመት ውስጥ ወደ 300,000 የሚሆን ተራ የብረት አስኳል ሲቆጥር ከብረት 60 ያገኘው 15 ብቻ ነው። ውጤቱ በ2016 ታተመ። በዓመት አንድ እንኳ አይሞላም!

እነዚያ 15 አስኳሎች ግን ብዙ ተናገሩ። ብረት 60 በራሱ ጊዜ ይፈርሳል፤ በ2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ግማሹ ያልቃል። እስካሁን ካለ፣ የፈነዳው ኮከብ በጊዜም በርቀትም ያን ያህል ከእኛ የራቀ አልነበረም ማለት ነው። ሊቲየም፣ ቤሪሊየምና ቦሮንም እንዲሁ ይናገራሉ። በከዋክብት ውስጥ እጅግ ጥቂት ናቸው፤ በኮስሚክ ጨረር ውስጥ ግን በብዛት ይገኛሉ። ካርቦንና ኦክስጅን በመንገድ ላይ ከሌላ አስኳል ጋር እየተጋጩ ሲሰባበሩ የሚወጡ ፍርፋሪዎች ስለሆኑ ነው። ፍርፋሪው ተቆጥሮ ጨረሩ ምን ያህል ቁስ አቋርጦ እንደመጣ ታወቀ። ከፍርፋሪዎቹ አንዱ፣ ቤሪሊየም 10፣ ራሱ እንደ ሰዓት ስለሚያገለግል ጨረሩ ሚሊዮኖች ዓመታት ሲንከራተት እንደቆየ ተሰላ።

አሁን መልእክቶቹን እንመዝን

ከመግሪብ ደርስ በኋላ ወጣቶች ስልካቸውን እያሳዩ "ይህ ነገር እውነት ነው እንዴ?" ይሉኛል። መልሱ እነሆ።

ኮስሚክ ጨረር ዛሬ ሌሊት አይመጣም፤ መምጣቱን አቁሞም አያውቅም። ከባዶቹ ላይ ተሰባብረው ከሚወጡት ቅንጣቶች መካከል ሙዎን የሚባሉት መሬት ይደርሳሉ። በባሕር ወለል ከፍታ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ በደቂቃ አንድ ያህል ያልፋል። ይህን ስታነቡ በተዘረጋ መዳፋችሁ ውስጥ በየሴኮንዱ አንድ ገደማ እያለፈ ነው። ስልክ ከመፈጠሩ በፊትም በአያቶቻችን መዳፍ ውስጥ ያልፍ ነበር። ስልክ ማጥፋት የሚቀይረው ነገር የለም። እንዲያውም መግነጢሳዊው ወገብ በድሬዳዋ አቅራቢያ ስለሚያልፍ ጉልበቱ አነስ ያለውን ጨረር የምድር ማግኔት ከእኛ ላይ ይመልሰዋል። በዋልታዎቹ በኩል ካለው ይልቅ እኛ ጋ የሚገባው ያነሰ ነው።

የ57ቱን ነገር ደግሞ እንይ። በምድር ላይ ያለ ብረት አራት ዓይነት የማይፈርስ አስኳል አለው፤ 54፣ 56፣ 57 እና 58። ወደ 92 በመቶ የሚሆነው 56 ነው። 57 የሚባለው 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። "የብረት ክብደት 57 ነው" የሚለው ሰው ከአራቱ መርጦ የፈለገውን ቁጥር አነሳ፤ ያውም ከጥቂቶቹ አንዱን። ብረት በከዋክብት ውስጥና በፍንዳታቸው መሠራቱ እውነት ነው። ነገር ግን የአጥንታችን ካልሲየምም፣ የምንተነፍሰው ኦክስጅንም የተሠሩት በከዋክብት ነው። ይህ ለብረት ብቻ የተለየ አይደለም። ነገ አንድ የፊዚክስ ተማሪ ይህን ሲያውቅ "ታዲያ የነገራችሁኝ ሌላውስ?" ቢል ምን እንመልስለታለን? የቁርኣን ክብር በተሳሳተ ሒሳብ የሚደገፍ አይደለም። ሒሳቡ ሲወድቅ የወጣቱን ልብ አብሮ እንዳይጥለው እፈራለሁ።

ኪታብ የቀራ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ያውቃል። ለብረት የመጣው "አንዘልና" የሚለው ግሥ በሱረቱ ዙመር ለከብቶች፣ በሱረቱል አዕራፍ ለልብስም መጥቷል። ከብት ከሰማይ ወረደ የሚል ሰው የለም። ሙፈሲሮችም በዚህ ቃል ላይ ከአንድ በላይ ማብራሪያ አላቸው፤ "ፈጠርን፣ ሰጠን" ያሉ አሉ። እነሱ ሰፊ ያደረጉትን እኛ በአንድ ፖስት ማጥበብ የለብንም።

ይልቅ የሱረቱል ሐዲድን 25ኛ አንቀጽ እንደገና እንቅራት። ከብረት በፊት ሚዛን ተጠቅሷል። እኛ ግን ብረቱን ይዘን እየሮጥን ሚዛኑን ከኋላችን ጥለነዋል! ሙፈሲሮች ሚዛኑን ፍትሕ ብለው አብራርተውታል። ለአንድ ወሬ ከማስረጃው በላይ አለመስጠት፣ ከማስረጃው በታችም አለማሳነስ ከፍትሕ አይደለምን? ወሬ ሲደርሰን እንድናጣራ የታዘዝነውስ በሱረቱል ሑጁራት ውስጥ አይደለምን?

ቀደምቶቻችን ይህን ያውቁት ነበር። አል ቢሩኒ በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የብረታ ብረትንና የከበሩ ድንጋዮችን ክብደት ከመጠናቸው ጋር እያነጻጸረ በጥንቃቄ ለካ። ከእሱ በኋላ አል ኻዚኒ በ1121 ስለ ሚዛን ትልቅ መጽሐፍ ጻፈ፤ ስሙም "ሚዛን አል ሒክማ" ነው። ንጹሕ ብረታ ብረትን ከተቀላቀለው የሚለይ የውሃ ሚዛን በውስጡ አብራርቷል። በፊኛ ላይ ያለው መሣሪያ ብረትን ከኮባልት ሲለይ የሚሠራው የዚያኑ ሥራ ዘመድ ነው። እነዚህ ሰዎች ሲከበሩ የሚኖሩት በመለካታቸው ነው።

"ይህ እንጀራ ይሆናል ወይ?"

ይህን የሚጠይቅ ወጣት አለ፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ሥራ ፍለጋ ከከዚራ እስከ ሳቢያን ሲመላለስ የሚውል ልጅ ስለ አስኳል ቢነገረው ቢስቅ አይፈረድበትም።

ሕንድን ልጥቀስ። በ1947 ነጻ ስትወጣ ድሃ አገር ነበረች። እንደ እኛ ለመግነጢሳዊው ወገብ ቅርብ ናት። ሊቃውንቷ ይህን ድክመት አላሉትም። የምድር ማግኔት ደካማውን ጨረር አጣርቶ ብርቱውን ብቻ የሚያሳልፍ ነጻ ወንፊት ሆነላቸው። በ1948 ከባዶቹን ካገኙት አንዱ የሆነው በርናርድ ፒተርስ በ1950ዎቹ ቦምቤይ በሚገኘው የታታ ተቋም ሠራ፤ ወጣት ሕንዳውያንም ፊኛ መልቀቅና ሳህን ማንበብ ተማሩ። በ1985 አኑራዳ የተባለው የሕንድ መሣሪያ በአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ላይ ወጥቶ ከባድ አስኳሎችን ለካ። የሕንድን የጠፈር መርሐ ግብር የመሠረተው ቪክራም ሳራብሃይ ራሱ ዶክትሬቱን የሠራው በኮስሚክ ጨረር ላይ ነው። ዛሬ የሕንድ ሳተላይቶች ስለ አውሎ ነፋስ ያስጠነቅቃሉ፣ ለገበሬው የአየር ሁኔታ ይናገራሉ። እንጀራው የመጣው በዚህ መንገድ ነው፤ መጀመሪያ መቁጠርን የተማሩ ሰዎች ተፈጠሩ።

እኛም ባዶ አይደለንም። የአዲስ አበባው የጂኦፊዚክስ ማዕከል የተቋቋመው በ1957 እና 58 በተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ጊዜ ነው፤ ለመግነጢሳዊው ወገብ መቅረባችን ትልቅ ጥቅም ነበረው። በእንጦጦ 3,200 ሜትር ላይ ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል። በ2019 የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ከቻይና ተወነጨፈች። የጎደለው ተማሪው ነው፤ "ይህ የፈረንጅ ነገር ነው" ብሎ ፊዚክስን ለማለፊያ ነጥብ ብቻ የሚያነብ ተማሪ በዝቶብናል።

የድሬ ልጅ ይህን ማለት አይገባውም። ከተማችን ራሷ የሐዲድ ልጅ ናት። በ1902 ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ ባይደርስ ድሬዳዋ ዛሬ የምናውቃት ከተማ ባልሆነች ነበር። በአማርኛ የባቡሩን መንገድ የምንጠራበት "ሐዲድ" የሚለው ቃልም በዐረብኛ ብረት ማለት ነው። ያ ብረት የመጣው ከውጭ ነው። ነገር ግን በባቡሩ ወርክሾፕ የገቡ የዚህ ከተማ ሰዎች መለኪያ መያዝ፣ ሚሊ ሜትር ማንበብ፣ ሞተር ፈትቶ መግጠም ተምረው ልጆቻቸውን አስተማሩ። ያኔ "ይህ የፈረንጅ ነው" ብለው ቢተዉት ኖሮ ሁሌም ተሳፋሪ ብቻ ሆነው ይቀሩ ነበር።

ስለዚህ ሦስት ነገር እጠይቃችኋለሁ። አንደኛ፣ መልእክት ሲደርሳችሁ ማን አለ፣ መቼ አለ፣ በምን ለካው ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካጣችሁ መልእክቱ እናንተ ጋ ይቁም። ስለ ጨረር ያልመረመርነውን የምናስተላልፍ ከሆነ ስለ መድኃኒትም፣ ስለ ጎረቤታችንም ያልመረመርነውን እናስተላልፋለን፤ ያልተመዘነ ወሬ ሱቅ ያዘጋል፣ ሰፈር ከሰፈር ያጣላል። ሁለተኛ፣ ፊዚክስና ሒሳብ የምትማሩ ወንድሞችና እህቶች ትምህርታችሁን ከዲን የራቀ አድርጋችሁ አትዩት፤ በኢኽላስ ከያዛችሁት አጅር አለው ኢንሻአላህ። ሦስተኛ፣ ራሳችሁ ለክታችሁ እዩ። ፖላንድ ውስጥ የተጀመረ ክሬዶ የሚባል ፕሮጀክት አለ። የስልክ ካሜራ ብርሃን እንዳይገባው በጥቁር ፕላስተር ሲሸፈን፣ በውስጡ የሚያልፉ ሙዎኖችና ሌሎች ጨረሮች የሚተዉትን ነጥብ በመተግበሪያው ይቆጥራል። ከባዶቹን አይቆጥርም፤ እነሱ እዚህ አይደርሱም። ለመጀመሪያ ቆጠራ ግን ይበቃል። መልእክቱ ስልካችሁን አጥፉ ይላል፤ እኔ ግን ካሜራውን ሸፍናችሁ ቁጠሩ እላችኋለሁ።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ከሚሰጣቸው፣ ባወቁትም ከሚሠሩት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።